ወንበርና ጽዋ፦ የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር የልደት ዘመን ከአዳማ ሲታይ

ጽዋ ማኅበር የጠጣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ማኅበርተኛን ማኅበርተኛ የሚያሰኘው ዳቦውና ጠላው አይደለም፤ ስሙ በመዝገብ መግባቱ፣ ጽዋው ተራውን ጠብቆ ወደ ቤቱ መምጣቱ፣ ሙሴው ጉባኤውን ሰብስቦ አሳብ በጠየቀ ጊዜም የታናሹ አባል ቃል ከታላቁ እኩል መደመጡ ነው። ተራው የተዘለለ አባል፣ ምንም እንኳ ከማዕዱ ድርሻው ባይጓደልበት፣ ራሱን ከማኅበሩ እንደ ወጣ ይቈጥራል፤ ልማዱም ይፈርድለታል። ዛሬ ኮንፌዴሬሽን ተብሎ የሚጠራውን የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር የልደት ዘመን የመረመረ ሰው፣ በዚያ ዘመን የተነሣው ክርክርና መለያየት ስለ ኳሱ ሳይሆን ከሞላ ጎደል ስለዚሁ ነገር ሆኖ ያገኘዋል፤ አባል ማን ነው? ጽዋውስ ወደ ማን ቤት ይገባል?

ምርመራውን ከካይሮ ወይም ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከአዳማ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ስሟ ከቁልቋል እንደ ወጣ የሚነገርላት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ናዝሬት ተብላ ኖራ ኋላ ወደ ጥንተ ስሟ የተመለሰችው ይህች ከተማ፣ የባቡሩ ሐዲድ ከአዋሽ ወደ ላይ ሲወጣ የሚያርፍባት፣ የደቡቡና የምሥራቁ መንገድ የሚቀራረብባት የንግድ ደጅ ናት። በሐዲዱ በኩል ወለንጪቲና መተሐራ፣ በመኪናው መንገድ በኩል መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነጌሌና ሻሸመኔ ተያይዘው ይኖራሉ፤ በእነዚህም ከተሞች ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከመስጊዱና ከገበያው ቀጥሎ ሰው የሚሰበሰብበት ስፍራ ሜዳው ነው። እኔም በልጅነቴ በካልሲ ውስጥ ጨርቅ ታጭቆና በሲባጎ ተተብትቦ የሚሠራውን ኳስ በአዳማ አቧራ ከሚያባርሩት አንዱ ነበርሁ፤ ስለዚህ ታላቁ ማኅበር በታላላቅ ከተሞች ስላደረገው ክርክር ባነበብሁ ቍጥር፣ ያ ክርክር በዚህ በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ላይ ላለው ልጅ ምን አመጣለት የሚለው ጥያቄ ከአሳቤ አይለይም።

በመጀመሪያ የአገራችን ማኅበር ራሱ ከምን እንደ ተወለደ ማስታወስ ይገባል። ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ቡድን በ1928 ዓ.ም.፣ የጠላት ጦር ድንበራችንን ጥሶ በገባበት ወራት፣ በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ በወረራውም ዘመን ገዢዎቹ ስሙን አስለውጠው ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አሰኙት። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለዋንጫ የተጋጠሙት አምስት ቡድኖች ሲቈጠሩ ግን፣ አንዱ ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን ሆኖ፣ የቀሩት አራቱ የአርመኖች፣ የግሪኮች፣ የኢጣልያኖችና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድኖች ነበሩ፤ ዋንጫውንም የወሰደው ሚሲዮኑ ነው። በገዛ አገሩ ከአምስት ወንበር አንዱን ብቻ የያዘ ሕዝብ፣ የራሱን ፌዴሬሽን ለማቋቋምና ሕጉን በራሱ ቋንቋ ለመጻፍ የቸኰለበት ምክንያት ከዚህ ግልጽ ይሆናል። በዚህ ሥራ ውስጥ ቀዳሚውን ስፍራ የያዙት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ በጅማ የተወለዱ፣ የስመ ጥሩው ባለ ቅኔ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፣ በሜዳ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ፣ ከሜዳ ውጭ የማኅበሩ ጸሐፊና ተሟጋች ነበሩ። አባት በቃል የሚረታ፣ ልጅ በእግርም በቃልም የሚረታ ሆኖ መገኘቱ ለእኔ የአጋጣሚ ነገር ብቻ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከአገር ወጥቶ ወደ ዓለሙ ጉባኤ ይሄዳል። በዙሪክ የሚቀመጠው የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ በዚያ ዘመን አፍሪካን እንደ አንድ አካል አያውቃትም ነበር፤ አብዛኛው ክፍለ ዓለም ገና በቅኝ ግዛት ቀንበር ሥር ስለ ነበረ፣ በራሳቸው ስም የሚቀርቡት አባላት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ደቡብ አፍሪካና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። በ1946 ዓ.ም. በፓሪስና ቀጥሎም በበርን በተደረጉት ጉባኤያት ብዙ ክርክር ካለፈ በኋላ ለአፍሪካ በሥራ አስፈጻሚው ሸንጎ አንድ ወንበር ተፈቀደ፤ ግብፃዊው መሐንዲስ አብደል አዚዝ አብደላህ ሳሌም ተመርጠው ተቀመጡበት። ወንበሩ ተገኘ እንጂ ተቀማጩን የሚልክ ማኅበር ገና አልነበረም፤ ስለዚህ የአራቱ አገሮች መልእክተኞች ሰኔ 1 ቀን 1948 ዓ.ም. በሊዝበን ከፊፋው ጉባኤ ጎን ተገናኝተው ማኅበር ለማቆም ተስማሙ። ከወንበሩ በኋላ ማኅበሩ መወለዱ የሚያስደንቅ ቢመስልም፣ ከኋላ ለተከተለው መከራ ሁሉ ቍልፉ ይህ ነው፤ ማኅበሩ በመጀመሪያው ቀን የተጠራው ለድግስ ሳይሆን ለክርክር ነበርና።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም መሥራች ጉባኤው ተቀመጠ። ሱዳን ነጻነቷን ካወጀች ገና አንድ ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ቢሆናት ነው፤ በዚያች አዲስ ባንዲራ በሰቀለች ከተማ ሕገ ደንቡ ጸደቀ፣ ሳሌምም ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ የሰጡት የብር ዋንጫም በስማቸው ተጠራ። ውድድሩ የካቲት 3 ቀን ሊከፈት ዕጣው ወጥቶ ግብፅ ለሱዳን፣ ኢትዮጵያም ለደቡብ አፍሪካ ደረሰች። አዲሱ ማኅበር ገና ቀለሙ ሳይደርቅ በፈተና ላይ የወደቀው በዚህ ጊዜ ነው። የደቡብ አፍሪካ ማኅበር ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ማልያ አሰልፎ ለማምጣት ፈቃደኛ አልሆነም፤ ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ ካልሆነ በቀር አለ። ሌሎቹ ሦስቱ ደግሞ ይህን ዓይነት ቡድን አንቀበልም አሉ።

በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ነገሩን ዛሬ ላይ ሆኖ ሲያዩት ቀላል ይመስላልና። አራት አባላት ብቻ ያሉት፣ ገንዘብ የሌለው፣ ዓለሙም ገና በጥርጣሬ የሚያየው ማኅበር፣ ከአባላቱ አንዱን ማጣት ማለት ከአካሉ አንዱን አራተኛ እጅ ማጣት ነው። ጥበብ ተብሎ የሚቀርበው ምክር፣ «ለጊዜው እንቻለውና ከጠነከርን በኋላ እንነጋገርበታለን» የሚል በሆነ ነበር፤ በዘመኑ የነበሩ ታላላቅ መንግሥታትና ማኅበራትም ከዚያ ከቀለም ልዩነት ሥርዓት ጋር የኖሩት በዚህ ምክር ነው። የካርቱም ጉባኤ ግን ዋንጫው በሦስት ቡድን ተጀምሮ በሁለት ጨዋታ እንዲያልቅ መረጠ። ግብፅ ሱዳንን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ኢትዮጵያ ተጋጣሚዋ ስለ ቀረ ያለ ጨዋታ ወደ ፍጻሜው አለፈች፤ የካቲት 9 ቀንም በግብፅ 4 ለ 0 ተረታች፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነበር። በውጤቱ መዝገብ ላይ ይህ ሽንፈት ነው፤ የተጋጣሚዋ መቅረት ግን የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እጅግ የከበረ ውጤት እንደሆነ አምናለሁ፤ ያልተደረገ ጨዋታ ከተደረጉት ሁሉ ይልቅ ማኅበሩን ማኅበር አድርጎታልና።

ደቡብ አፍሪካ ጥቂት ቆይታ ከአፍሪካው ማኅበር ወጣች፤ ክርክሩ ግን በዙሪክ ገና መጀመሩ ነበር። ፊፋ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ አገደቻት፤ በ1955 ዓ.ም. ግን ፕሬዚዳንቱ እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ሩስ ወደ ስፍራው ሄደው ከተመለሱ በኋላ እገዳው ተነሣ፤ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ በቶክዮ ጉባኤ ብዛታቸው የጨመረው የአፍሪካ መልእክተኞች ከሌሎች ጋር አብረው እገዳውን መለሱ፤ በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ጭራሹን ከፊፋ ተሰረዘች። ሩስ ስፖርትን ከፖለቲካ መለየት ይገባል ሲሉ ኖረዋል። ንግግሩ ለጆሮ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጥቁሩን ልጅ በቆዳው ምክንያት ከብሔራዊ ቡድን ያስቀረው ሕግ ራሱ ፖለቲካ ከሆነ፣ እርሱን ዝም ብሎ ማለፍ እንዴት ከፖለቲካ መራቅ እንደሚሆን እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የማኅበሩ የኑሮ ሁኔታም ከዚህ ያልተሻለ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ጥቂት ወራት በካርቱም ከተቀመጠ በኋላ የሱዳን እግር ኳስ ማኅበር ቢሮ በእሳት ተቃጥሎ ወደ ካይሮ አካባቢ ተዛወረ። ሁለተኛው ዋንጫ በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ሲደረግ እንደ ገና ሦስቱ ብቻ ተገናኙ፤ ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጨዋታ ተሸነፈች። ሦስተኛው ጽዋ ወደ እኛ ቤት ሊገባ ተራው ደርሶ ሳለ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተነሣው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አገሩን አናወጠና ድግሱ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

በመጨረሻም በጥር 1954 ዓ.ም. እንግዶቹ መጡ፤ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ ከእኛ ጋር አራት ሆኑ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ከረታች በኋላ የፍጻሜው ቀን እሑድ ጥር 13 ላይ ዋለ። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርደው፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ተከብሮ፣ ከተማው ገና ነጭ ልብሱን ሳያወልቅ ወደ ስታዲየሙ ጐረፈ ማለት ነው። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎም ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና 4 ለ 2 አለቀ። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ በአሥመራ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነው፤ በዚያ ቀን ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው ሌላ ሰው ይሁን የሚል አሳብ ከባለሥልጣናት ወገን ቀርቦ እንደ ነበረና አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው አጥብቀው እንደ ተቃወሙት ሲተረክ ኖሯል፤ ዋንጫውንም የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ማኅበሩ በካርቱም ቆዳን ለይቶ ማሰለፍ አይቻልም እንዳለ ሁሉ፣ ያው ጥያቄ በመልክ ተለውጦ በገዛ ቤታችን በመጣ ጊዜ ያው መልስ መሰጠቱ፣ አቶ ይድነቃቸው የሚናገሩትን የሚኖሩ እንደ ነበሩ ያሳያል።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ስለ ወንበር የተደረገው ታላቁ ክርክር ነው። ፊፋ ለ1958 ዓ.ም. የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ከአሥራ ስድስቱ ስፍራ ለአፍሪካ አንድ እንኳ ለብቻዋ አልለየም፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሺኒያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ካለፈ ብቻ ይገባል ተባለ። በዚህ መካከል ነጻ የወጡት አገሮች በዝተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ብቻ አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነጻነታቸውን አግኝተዋል። የጋናው ኦሄኔ ጃንና የእኛው አቶ ይድነቃቸው በግንባር ቀደምትነት ሆነው፣ አንድ ስፍራ በመብት ካልተሰጠን አንሳተፍም የሚለውን ቃል አሰሙ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም በኅብረት ቀሩ። በዚያው የዓለም ዋንጫ ዘጠኝ ግብ አግብቶ የግብ አግቢዎች አለቃ የሆነው ዩሴቢዮ በሞዛምቢክ የተወለደ የአፍሪካ ልጅ መሆኑን፣ ነገር ግን በገዢዋ በፖርቱጋል ማልያ መሰለፉን ያስታወሰ ሰው፣ አፍሪካ በሌለችበት ድግስ የአፍሪካ ፍሬ እንደ ተበላ ይረዳል። በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ ስፍራው ተሰጠና ሞሮኮ ገባች፤ ከ1926ቱ የግብፅ ተሳትፎ ወዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፎ ማለት ነው። በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ሩስ ወንበራቸውን ለብራዚላዊው ለሃቬላንጅ ሲለቁ የአፍሪካ ድምፅ ዋና ምክንያት ነበር፤ አቶ ይድነቃቸውም በዚሁ ሥልጣን ላይ ሳሉ በደብረ ታቦር ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም. ተመልሳ፣ በ1988 ዓ.ም. በነጭና በጥቁር ልጆቿ አንድ ሆና ዋንጫውን ስታነሣ ለማየት አልታደሉም።

እንግዲህ ወደ ሸለቆው ልመለስ። በዙሪክ ለአፍሪካ የተጠየቀው ፍርድ በአገር ውስጥ ለአውራጃው ምን ያህል ተሰጠ? በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የኢትዮጵያን ሻምፒዮና የወሰዱትን ስም ዝርዝር የተመለከተ ሰው ከአዲስ አበባ ውጭ ሁለት ከተሞችን ደጋግሞ ያገኛል፤ አሥመራንና ድሬዳዋን። የሐማሴን፣ የአካለ ጉዛይና የቴሌ ቡድኖች ከኤርትራ፣ የጥጥ ፋብሪካውም ቡድን ከድሬዳዋ ዋንጫውን ወስደዋል፤ ሉቺያኖ ራሱ የድሬዳዋው ጥጥ ተጫዋች ነበር። አዳማ ግን የየረርና ከረዩ አውራጃ ዋና ከተማ ሆና በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ትቈጠር ነበር፤ የሸዋም ራስ አዲስ አበባ ራሷ ናት። ሐረርጌን ድሬዳዋ ስታስጠራ፣ ሸዋን የሚያስጠሩት የዋና ከተማው ታላላቅ ቡድኖች ስለ ሆኑ፣ የአውራጃው ልጅ ስሙን ለማስመዝገብ ሐዲዱን ይዞ መውጣት ነበረበት። በአንድ መንገድ ላይ የተሰለፉት የሸለቆው ከተሞችም በአስተዳደር ተከፋፍለው፣ አዳማና ዝዋይ (የዛሬዋ ባቱ) ወደ ሸዋ፣ ከተራራው ላይ ያለችው አሰላ ወደ አርሲ፣ ሐዋሳ ወደ ሲዳሞ ይመለከቱ ነበር፤ ገበያቸውና ጋብቻቸው አንድ ሲሆን የኳሳቸው ዳኛ ግን ልዩ ልዩ ነበረ። ይህን የምለው ክፋት ታስቦበታል ለማለት አይደለም፤ የመዝገቡ አከፋፈል ራሱ ፍርድ እንደሚያጓድል ለማሳየት ነው።

ሸለቆውን ከባዶ ሜዳ ያወጣው ማኅበር ሳይሆን ሸንኮራ አገዳ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ ያቆመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የሸዋው ፋብሪካ ተከተለ፤ ከዚያም መተሐራ። ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ በካምፑ ተሰብስቦ፣ አገዳው ሲቃጠል የሚነሣው ጥቁር ብናኝ በማልያው ላይ እየወረደ ከፈረቃ በኋላ ኳስ ተጫወተ፤ የወንጂ ስኳርና የመተሐራ ስኳር ቡድኖችም ከዚህ ኑሮ ወጡ። ፋብሪካ ለቡድን አባትም እናትም ነው፤ ሜዳ ያስተካክላል፣ ማልያ ይገዛል፣ ለተጫዋቹ ደመወዝ ይከፍላል። ይሁን እንጂ አባል የሚሆንበትን ወንበር አይሰጥም፤ ቡድኑ የፋብሪካው ንብረት እንጂ የከተማው ማኅበር አይደለምና፣ የፋብሪካው በጀት ባዘነበለ ቍጥር ቡድኑም አብሮ ያዘነብላል። እዚህ ላይ ሌላም መታለፍ የሌለበት ነገር አለ፤ አገዳው የለማበት የአዋሽ ዳር የከረዩ አርብቶ አደር በድርቅ ወራት ከብቱን የሚያውልበት ግጦሽ ነበር። የመተሐራ ሜዳ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ፣ በዚያ ሣር ላይ ቀድሞ የነበረውን ባለ መብትና የደረሰበትን መፈናቀል ማሰብ ግዴታችን ነው።

የኋለኛውን ዘመን በአጭሩ ላልፈው። በ1990 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ሲጀመርና ከዚያም በኋላ በየከተማው አስተዳደር የተደገፉ ቡድኖች ሲበዙ፣ መተሐራ ስኳርና አዳማ ከተማ ከታላላቆቹ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ተጻፉ፤ ክልሎችም የየራሳቸውን ፌዴሬሽን አቋቁመው በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ አገኙ፤ ወንበሩ ወደ ዳር ወረደ ማለት ነው። በዋናው ፌዴሬሽን ውስጥ ግን ወንበሩ የማን ነው የሚለው ጠብ አልበረደም፤ በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ፊፋ ኢትዮጵያን ያገደችው በሁለት ወገን በተነሣ የመሪነት ክርክር ነበር፤ ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያውም ተሰረዝን። ሌላውን አባል ስለ ፍርድ ያወጣ መሥራች፣ በራሱ ቤት ስለ ሥልጣን ተጣልቶ ሲወጣ ማየት ለእኔ ትውልድ መራራ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲደረግ አዳማ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ሆነች፤ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ከየክልሉ የመጡትን ቡድኖች ተቀበለ፤ ጽዋው ተራውን ጠብቆ በሸለቆው ቤት እንደ ገባ ቈጠርሁት። በዚያው ዘመን ግን ከአገሩ ስታዲየሞች አንዱ እንኳ የአፍሪካውን ኮንፌዴሬሽን መመዘኛ ስላላሟላ፣ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገደደ። በማራቶኑ ጀግና በአበበ ቢቂላ ስም በተጠራው በአዳማ ስታዲየም አጠገብ ሳልፍ ልጆቹን አያለሁ፤ ካልሲው በፕላስቲክ ኳስ ተተክቷል፤ አንድ ቀን ዕጣ አውጥተው በሁለት ከተከፈሉ በኋላ አንድ ልጅ ከቍጥር ተርፎ ዳር ቆሞ ነበር፤ ከመካከላቸው ታላቁ ጨዋታውን አስቁሞ፣ «እሱ ሳይገባ አንጀምርም» አለ።